«ከሌሎቹ ይሻላል» ሲሉን፦ ከማን?

  

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ አንብቡት። ነገሩ የተነሳው ከሁለት የቀድሞ ተማሪዎቼ ክርክር ነው። አንደኛው ባንክ ውስጥ ይሠራል፣ ሌላዋ ሲምና ካርድ ትሸጣለች። እሱ «ቲቸር፣ አንድ ድርጅት የራሱን ዕቃ ከተፎካካሪው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ፣ ስም ጠርቶ፣ ለሕዝብ ቢያወጣ ምን ችግር አለው?» ይላል። እሷ ደግሞ «ነውር ነው! ሕጉም ይከለክላል። ስለ ራስህ አውራ፣ የሰው ስም አታንሳ» ትላለች። በመጨረሻ ሁለቱም እኔን ዳኛ አደረጉኝ።

እኔ እንደምታውቁኝ የታሪክ መምህር ነኝ። የንግድም የሕግም ባለሙያ አይደለሁም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ወደ ኋላ ሄጄ ልጀምር። አገራችን ውስጥ ዕቃን ከዕቃ ሲያወዳድር የኖረው ማነው?

ገበያ ላይ ማን ነበር የሚያወዳድረው?

የሆሳዕናን ገበያ የምታውቁ ይህን ታውቁታላችሁ። ቅቤ ልትገዛ የወጣች እናት መጀመሪያ ያየችውን ቅቤ አትገዛም። አንዷ ጋ ታሸታለች፣ ትቀምሳለች፣ ዋጋ ትጠይቃለች፤ ከዚያ «መጣሁ» ብላ ወደ ቀጣይዋ ታልፋለች። ቆጮም እንደዚያው ነው። ተከፍቶ ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል፤ ቃጫ የበዛበትና ያልበዛበት፣ በደንብ የቦካውና ገና ያልደረሰው ይለያል። የዶዮገና በግ የሚገዛ ሰውም ወገቡን ይጨብጣል፣ ጥርሱን ያያል፣ ከአጠገቡ ካለው በግ ጋር ያስተያያል። «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የሚባለው ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። ሁለቱም ዕቃ ገዢዋ ፊት አለ። ቀኑ አንድ ነው። ጣሳው ወይም ሚዛኑ አንድ ነው። የምትፈርደውም ገዢዋ ናት። ሌላም ብዙ ጊዜ የማናስተውለው ነገር አለ፦ ተፎካካሪዋ ሦስት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ትሰማለች። ሻጯ «የእሷ ቅቤ የቆየ ነው» ካለች መልሱ እዚያው ይመጣል፤ «የቱ ነው የቆየው? ነይ አሽቺው!» ትባላለች። ስለዚህ ሻጭ ስለ ጎረቤቷ ዕቃ ስትናገር ትጠነቀቃለች። ጨዋነት ብቻ አይደለም የሚያስጠነቅቃት፤ ውሸቷ እዚያው ሊጋለጥ ስለሚችል ነው።

ታዲያ ይህ ሥርዓት የላላው መቼ ነው? የፋብሪካ ዕቃ ሲመጣ። የታሸገ ሳሙና ፈትተህ አትሞክርም። የተዘጋ ጠርሙስ ከፍተህ አትቀምስም። ይባስ ብሎ ደግሞ ጭራሽ የማይታዩ ዕቃዎች መጡ፤ የስልክ ኔትወርክ፣ የገንዘብ ዝውውር፣ ኢንሹራንስ። ኔትወርክን ማን ያሸታል? የምንዛሪ ተመንን ማን ይዳስሳል? እንዲህ እንዲህ እያለ ማወዳደር ከገዢው እጅ ወጥቶ ወደ ሻጩ አፍ ገባ። የዛሬ ማስታወቂያ የዚያ ውጤት ነው።

1952፦ ሕጉ የከለከለው ምኑን ነው?

ተማሪዬ «ሕግ ይከለክላል» ብላለች፤ እስቲ እንየው። የመጀመሪያው ዘመናዊ የንግድ ሕጋችን የወጣው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ በ1952 ነው። ረቂቁን የጀመሩት ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ናቸው፤ የፈጸሙት ሌላው ፈረንሳዊ አልፍሬድ ዦፍሬ ናቸው። የዚህ ሕግ አንቀጽ 133 ስለ ተገቢ ያልሆነ ውድድር ይናገር ነበር። ጥፋት ብሎ ከቆጠራቸው መካከል ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ ስለ ተፎካካሪ ድርጅት ወይም ዕቃ ደንበኛን ማሳሳት፣ እና ተፎካካሪን ለማዋረድ ሐሰት መናገር።

አያችሁ? የተከለከለው ማሳሳትና መዋሸት ነው። «የተፎካካሪህን ስም አትጥራ» የሚል ነገር እዚያ የለም።

ከዚያ ወዲህ የወጡት አዋጆችም መንፈሳቸው ይኸው ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተገቢ ያልሆነ ውድድር ብሎ ከዘረዘራቸው አንዱ በንግድ ማስታወቂያ ላይ ዕቃንና አገልግሎትን በሐሰት ወይም በሚያሻማ መንገድ ማነጻጸር ነው። ክፍል ውስጥ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ቃላት ሥር መስመር አስምሩ እላችሁ ነበር፦ በሐሰት፣ በሚያሻማ። ሐሰት ያልሆነና የማያሻማ ንጽጽርስ? ይህ ድንጋጌ እሱን አይነካውም።

እንግዲህ አስቡት። በሬዲዮ «ከሌሎቹ በእጥፍ ይሻላል» ሲባል ሌሎቹ እነማን ናቸው? እጥፉ በምን ተለካ? ዋናው የሚያሻማ ነገር ይሄ አይደለም እንዴ? እኛ ግን ይህን እንደ ጨዋ ንግግር እንሰማዋለን፤ በስምና በቁጥር የሚናገረውን ደግሞ ነውረኛ እንላለን። ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆኗል።

ማወዳደር ትርጉም ያጣበት ዘመን

የ1952ቱ ሕግ በደንብ ሳይለመድ አብዮቱ መጣ። በ1967 ባንኮችና ኢንሹራንሶች፣ ቀጥሎም ትላልቅ ፋብሪካዎች ተወረሱ። ኮካ ኮላን የሚሞላውም ፔፕሲን የሚሞላውም ፋብሪካ የመንግሥት ሆነ። በመላው ዓለም ዋና ባላንጣ የሚባሉት ሁለት መጠጦች እኛ አገር አንድ ባለቤት ነበራቸው! ታዲያ ማን ከማን ይወዳደራል?

ገበሬውም ላይ እንደዚያው። በ1968 የተቋቋመው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ይሰበስብ ነበር። ገበሬው እህሉን የተሻለ ወደሚከፍል ነጋዴ እንዳይወስድ ኮታው ይዞታል። ከተሜውም በቀበሌ ሱቅ የተገኘውን ሳሙናና ስኳር ሰልፍ ቆሞ ይወስዳል። ተሰልፎ «ይሄኛው ሳሙና ከዚያኛው ይሻላል» የሚል ሰው የለም፤ ማግኘቱ ራሱ ዕድል ነው። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የእህል ንግዱ እስኪለቀቅ ድረስ እንዲህ ነበር።

ይህን የማነሳው ደርግን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። አንድ ትምህርት ስላለው ነው። ምርጫ በሌለበት ማወዳደር ከንቱ ነው፤ ማወዳደር በሌለበት ደግሞ ምርጫ ከንቱ ይሆናል። የመጀመሪያውን በደርግ ጊዜ አየነው። ሁለተኛውን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው።

የቢራ ጦርነት

ቢራ የማትጠጡ ወዳጆቼ ይቅርታ፤ የማወራው ታሪኩን ነው።

ከኢሕአዴግ መግባት በኋላ የመንግሥት ፋብሪካዎች እየተሸጡ ሄዱ። ሄኒከን በ2003 በደሌንና ሐረርን በድምሩ 163 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ዲያጆ በ2004 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ጊዮርጊስ ቀደም ብሎ በፈረንሳዩ ካስቴል ሥር ወደሚገኘው ቢጂአይ ሄዷል። ዋሊያ መጣ፣ ሐበሻ መጣ፣ ዳሸን ተስፋፋ። እኛ ያኔ ወጣቶች ነበርን። ቴሌቪዥን ከፈትክ ቢራ፣ ሬዲዮ ከፈትክ ቢራ፣ ኳስ ልታይ ገባህ ቢራ።

እስቲ አስታውሱ፤ ከዚያ ሁሉ ማስታወቂያ ምን ተማርን? ተራራ አየን፣ ፏፏቴ አየን፣ እስክስታ አየን። አገር መውደድ፣ ወዳጅነት፣ ታሪክ፣ ባህል፤ ሁሉም ነበር። እኔ የማስታውሳቸው ማስታወቂያዎች ግን አንዳቸውም «የእኛ ጠርሙስ ይህን ያህል ይይዛል፣ የእገሌ ደግሞ ይህን ያህል፤ የእኛ ዋጋ ይህ ነው፣ የእነሱ ይህ ነው» አላሉም። ውድድሩ ጦፎ ነበር፣ ገንዘቡ እንደ ውሃ ፈስሷል፣ ጠጪው ግን አንድ ነገር እንኳ በቁጥር አላወቀም። በመጨረሻ በ2011 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጣና ጦርነቱ በዚያ በኩል አበቃ።

ብዙ ምርጫ፣ ብዙ ጩኸት፣ ዜሮ ንጽጽር ማለት ይሄ ነው።

ሌላው ዓለምስ?

አሜሪካኖቹም በአንድ ወቅት እንደኛ ነበሩ። እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ድረስ በቴሌቪዥናቸው ላይ ተፎካካሪን በስም መጥራት ብዙም አልተለመደም ነበር። «ብራንድ ኤክስ» ይሉ ነበር፤ በእኛ ቋንቋ «እገሌ» ማለት ነው። ከዚያ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽናቸው ጣቢያዎቹን «ስም ይጠራ፤ ሸማቹ ይጠቀማል» እያለ ገፋፋ፤ በ1979 እ.ኤ.አ. ደግሞ አቋሙን በጽሑፍ አወጣ። ንጽጽሩ እውነት ከሆነና መሠረቱ ግልጽ ከሆነ ይበረታታል የሚል ነው። አውሮፓ ውስጥ እንደ ጀርመን ያሉ አገሮች ጥብቅ ነበሩ። በ1997 እ.ኤ.አ. ግን የአውሮፓ ኅብረት በመመሪያ ፈቀደው። ቅድመ ሁኔታ አለው፦ የሚነጻጸረው ነገር ሊረጋገጥ የሚችል ይሁን፣ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት የሚውሉ ዕቃዎች ይነጻጸሩ፣ ተፎካካሪን ማንቋሸሽ አይኑር።

ስም ጠርቶ ማነጻጸር ግን በራሱ እውነትን አያመጣም፤ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ፔፕሲ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ፔፕሲ መንገድ ላይ ሰዎችን በምልክት ያልታወቁ ሁለት ኩባያዎች አስቀመሰ። ብዙዎቹ ፔፕሲን መረጡ ብሎ በማስታወቂያ አወጣ። ኮካ ኮላ ደነገጠ፤ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በሚያዝያ 1985 እ.ኤ.አ.፣ የኖረ ቅመሙን ቀይሮ አዲስ ኮክ አወጣ። ሕዝቡ ተቆጣ፣ በሦስት ወር ውስጥ የድሮው ተመለሰ። ለምን? አንዱ ምክንያት ብለው ብዙዎች የሚያነሱት መለኪያው ነው። አንድ ጉንጭ ስትቀምስ ጣፋጩ ያሸንፋል፤ ሙሉ ጠርሙስ ስትጠጣ ግን ጣፋጩ ሊሰለች ይችላል። ማለትም ፈተናው ውሸት ባይሆንም የሚለካው ነገር ሰው ቤቱ ከሚያደርገው ጋር አንድ አልነበረም።

ስለዚህ አንድ ንጽጽር ስታዩ «እውነት ነው?» ብቻ አትበሉ። «የለካው እኔ የምፈልገውን ነው?» በሉ።

እኛው ጋ፣ በስንዴ ማሳ

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ። አገራችን ውስጥ ንጽጽር ግዴታ የሆነበት አንድ ዕቃ አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የተሻሻለ ዘር ነው። አዲስ የስንዴ ወይም የበቆሎ ዝርያ እንዲለቀቅ በተለያዩ ቦታዎች ይዘራል፣ ቀድሞ በሥራ ላይ ካለ የተሻለ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ይለካል፤ ኮሚቴ አይቶ ካጸደቀው ብቻ በግብርና ሚኒስቴር የሰብል ዝርያ መዝገብ ይገባል። መዝገቡ ላይ ምርቱ በሄክታር፣ የሚስማማው ከፍታ፣ የተለቀቀበት ዓመት፣ ያወጣው ተቋም ይጻፋል። ልክ እንደ ቅቤ ገበያው ነው፦ በአንድ ወቅት፣ በአንድ ማሳ፣ በአንድ ሚዛን።

እዚህ ሀዲያና ከምባታ ውስጥ በእነ ሊቻ ሀዲያና አምበሪቾ ዩኒየኖች ዙሪያ ያለ ገበሬ ይህ ነገር ምን ያህል እንደሚመለከተው አልነግራችሁም። የዘር ምርጫ የዓመት ቀለብ ነው።

ግን ይህም ንጽጽር የራሱ ታሪክ አለው። ኩብሳ የሚባለው ስንዴ በ1987 ተለቀቀ፤ ምርታማ ስለነበር በአገሪቱ በሰፊው ተዘራ። በ2003 ቢጫ ዋግ መጣና ኩብሳን መታው። ከዚያ ገበሬው ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ወደ ዲገሉ ዞረ። ዲገሉ በዚያ ጊዜ በእርግጥም የተሻለ ነበር። በ2006 ግን አዲስ የግንድ ዋግ ዘር በባሌና በአርሲ ተነሳና ዲገሉን አወደመው።

ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። «ዲገሉ ከኩብሳ ይሻላል» የሚለው በ2003 እውነት ነበር፤ በ2006 ግን ያንን አምኖ የዘራ ገበሬ ማሳው ባዶ ቀረ። ንጽጽር እንደ እንጀራ ነው፤ የተጋገረበት ቀን ይጠየቃል። ቀን ያልተጻፈበት ንጽጽር አትብሉ።

ከጆሃንስበርግ እስከ ሆሳዕና

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ብዙዎቻችንን የሚነካው ይሄ ነው። ከእኛ አካባቢ ስንት ወንድምና እህት ደቡብ አፍሪካ እንዳለ ታውቃላችሁ። በኬንያ፣ በታንዛኒያ፣ በማላዊ በኩል ነፍሱን አስይዞ የሄደ ልጅ ሱቅ ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሞ ያገኘውን ራንድ ይልካል። ሆሳዕና ላይ የምናየው ስንት ፎቅ፣ ዱራሜ ላይ ስንት ቤት፣ ስንት የትምህርት ቤት ክፍያ የዚያ ልጅ ላብ ነው።

ያ ላብ መንገድ ላይ ምን ያህል ይንጠባጠባል? የዓለም ባንክ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የገንዘብ መላኪያ ዋጋን ከአገር ወደ አገር፣ ድርጅት በስም እየጠራ ያነጻጽራል። 200 ዶላር ለመላክ ስንት ይወስዳል ብሎ፣ የአገልግሎት ክፍያውንም በምንዛሪው ላይ የሚቆረጠውንም ደምሮ። በዚያ ሰንጠረዥ ከቡድን 20 አገሮች መካከል ገንዘብ ለመላክ ውድ በመባል ደቡብ አፍሪካ በተደጋጋሚ ፊት ላይ ትቀመጣለች። የተባበሩት መንግሥታት ግብ ደግሞ በ2030 እ.ኤ.አ. ወጪው ከመቶ 3 በታች እንዲወርድ ነው።

እዚህ ላይ «ያለ ክፍያ እንልካለን» የሚለውን ማስታወቂያ በቁጥር እንፈትሸው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው፤ የማንም ድርጅት አይደሉም።

ልጁ 3,000 ራንድ ሊልክ ነው እንበል። አንደኛው ድርጅት 100 ራንድ ክፍያ ይወስዳል፣ አንዱን ራንድ ግን በ7 ብር ይመነዝራል። 2,900 ሲባዛ በ7፣ እናቱ 20,300 ብር ትቀበላለች። ሁለተኛው «በነጻ» ይላል፣ አንዱን ራንድ ግን በ6 ብር ከ60 ሳንቲም ይመነዝራል። 3,000 ሲባዛ በ6.60፣ 19,800 ብር ሆነ። ነጻ የተባለው በ500 ብር ተበለጠ! በየወሩ ቢልክ በዓመት 6,000 ብር ነው። የአንድ ልጅ ዩኒፎርም፣ ደብተርና ጫማ አስቡት።

«በነጻ» የሚለው ቃል ውሸት ነው? ክፍያ ስለሌለው አይደለም። አሻሚ ነው? አዎ። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ቢጻፉ ግን እናት ራሷ ትፈርድ ነበር፤ ቅቤ ገበያ ላይ እንደምትፈርደው።

ደግሞ ጊዜው ተቀይሯል። እስከ ሐምሌ 2016 ድረስ ባንኮች የውጭ ምንዛሪ የሚገዙት ብሔራዊ ባንክ ካስቀመጠው ተመን ሳይርቁ ነበር፤ ባንክ ከባንክ ማወዳደሩ ብዙም አይጠቅምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ተመኑ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በአንድ ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ባንክ የራሱን ተመን ይለጥፋል። ስልኩም እንደዚያው ነው። ስልክ በምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ አማራጭ አልነበረንም። መስከረም 2015 ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ ሲጀምር ሁለት ሆኑ። በ2013 ቴሌብር መጣ፣ በ2015 ኤምፔሳ ተከተለ።

ማለትም ምርጫው መጥቷል። ንጽጽሩስ? የአንዱ ፓኬጅ የቀን ነው፣ የሌላው የሳምንት፤ የአንዱ ዋጋ ቀን ሌላ ሌሊት ሌላ ነው። ተቀምጦ ሂሳብ ካልሠሩ በስተቀር የቱ እንደሚረክስ አይታወቅም። ከደርግ ዘመን ሰልፍ ወጥተን ወደ ቢራው ዘመን ጩኸት እንዳንገባ ነው የምፈራው።

ተቃዋሚዎቹም ነጥብ አላቸው

ሲም የምትሸጠው ተማሪዬ የተናገረችውን ዝም ብዬ አላልፍም። ሦስት ጠንካራ ነገር አንስታለች።

አንደኛ፣ «ትልቁ ድርጅት ትንሹን ይደፍቀዋል» ትላለች። ትልቁ በየቀኑ ሰንጠረዥ ማውጣት፣ ጠበቃ መቅጠር ይችላል፤ ትንሹ መልስ የሚሰጥበት አቅም የለውም። እውነት ነው። ግን ስም በማይጠራበት ዘመንም የሚያሸንፈው ትልቁ ነው፤ ምክንያቱም ጩኸት ገንዘብ ይፈልጋል። ትንሽ ድርጅት በትልቅ ድርጅት ላይ ያለው አንድ መሣሪያ «እኔ በዚህ ነገር እሻላለሁ፣ ይኸው ቁጥሩ» ማለት ነው። እሱን ከነጠቅነው ምን ይቀረዋል?

ሁለተኛ፣ «ማንም ራሱን የሚያሸንፍበትን ብቻ ነው የሚያወጣው» ትላለች። ይህም እውነት ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው፣ የራሱን ጉድለት ሸፍኖ የሰውን የሚዘረዝር ይበዛል። መፍትሔው ግን ዝምታ አይደለም። ተፎካካሪውም የራሱን ያውጣ። እሱ ዋጋ ካወጣ ያኛው የኔትወርክ ሽፋን ያውጣ፤ ሁለቱ ተደምረው ለእኛ ሙሉ ሥዕል ይሆናሉ። ቅቤ ገበያው ላይ ጎረቤቷ እንደምትመልሰው ማለት ነው። ስም ካልተጠራ ግን ማን ይመልሳል? «ሌሎቹ» የሚባል ድርጅት የለማ! መልስ ሊሰጥ የሚችለው ስሙ የተጠራ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ «በእኛ ባህል የሰው ዕቃ ማጣጣል ነውር ነው» ትላለች። ባህላችንን አከብራለሁ። ግን በእኛ ባህል ነውሩ ከኋላ ማማት ነው። ሽማግሌ ፊት ሰውን በስሙ ጠርቶ፣ እሱ እየሰማ፣ ማስረጃ ይዞ መናገር ነውር ሆኖ አያውቅም፤ የሸንጎ ሥርዓት ነው። ይልቅ «አንዳንድ ሰዎች» እያሉ በአሽሙር መናገር ነው የሚያስተዛዝበው።

እንግዲህ ፍርዴ

ዳኛ ስላደረጋችሁኝ እፈርዳለሁ። ድርጅቶች ዕቃቸውን ከተፎካካሪ ጋር አነጻጽረው ለሕዝብ ማውጣት አለባቸው እላለሁ። ግን እንደ ገበያው ሥርዓት ይሁን፦

ስም ይጠራ፤ «ሌሎቹ» የሚባል ነገር አይሠራም።
ቀን ይጻፍ፤ ዲገሉን አስታውሱ።
መለኪያው ገዢው የሚፈልገው ይሁን፤ የፔፕሲን ኩባያ አስታውሱ። ለገንዘብ ላኪ መለኪያው እናት እጅ የሚገባው ብር ነው።
ያነጻጸረው ድርጅት የሚበለጥበትንም አንድ ነገር ይጻፍ። ያን የሚያደርግ ድርጅት ካየሁ ቀሪውን አምነዋለሁ።

መንግሥትም ለዘር ያደረገውን ለሌላውም ቢያስብበት ጥሩ ነው። ብሔራዊ ባንክ የሐዋላውን፣ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የስልኩን፣ በአንድ ገጽ፣ በአንድ መለኪያ፣ ሰው በሚገባው ቋንቋ ቢያወጡ ሻጩም ለመዋሸት ያፍራል።

ባንክና ቴሌኮም ውስጥ ለምትሠሩ ተማሪዎቼ፦ ስብሰባ ላይ «ከሌሎቹ ይሻላል» የሚል ማስታወቂያ ሲቀርብ እጃችሁን አውጡ። ክፍል ውስጥ እጅ ማውጣት ትወዱ ነበር እኮ። «ከማን? በምን? መቼ?» በሉ።

ደቡብ አፍሪካ ላላችሁ ደግሞ የቤት ሥራ አለኝ። በሚቀጥለው ስትልኩ ከሁለት ቦታ ጠይቁ። «ክፍያው ስንት ነው?» ብቻ አትበሉ፤ «ይህን ያህል ራንድ ብሰጥህ እናቴ እጅ ስንት ብር ይገባል?» በሉ። መልሱን ቀን ጽፋችሁ ለጓደኞቻችሁ አካፍሉ። ድርጅቶቹ እስኪያነጻጽሩልን እኛው እናነጻጽር፤ ድሮም የገዢው ሥራ ነበር።

የማትስማሙ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ስሜን ጠርታችሁ ተቃወሙ፤ «አንዳንድ አስተማሪዎች» እንዳትሉ ብቻ!

መልካም ሳምንት ይሁንላችሁ።